ቁልፍ ያዡና ደብዳቤ አንባቢዋ

የሰው ልጅ እንዴት ሐኪም ሆኖ እንደሚወጣ መዝገቡ የተረዳው መጽሐፍ አንብቦ ወይም ምሁር ጠይቆ አይደለም፤ መጥረጊያ ተደግፎ ቆሞ በማየት ነው።

ለንደን፣ ባተርሲ ውስጥ፣ ከወንዙ እምብዛም በማይርቅ ጎዳና ላይ፣ ልጆቹን ጠዋት ጠዋት ሞግዚት ከመኪና የምታወርድበት አንድ ትምህርት ቤት አለ። መዝገቡ የዚያ ትምህርት ቤት ቁልፍ ያዥ ነው። እንግሊዞቹ ኬርቴከር ይሉታል፤ እሱ ግን ዘመድ ከአገር ቤት ደውሎ ስለ ሥራው ሲጠይቀው «ትምህርት ቤት ውስጥ ነኝ» ይልና ዝም ይላል። ዝምታው ውሸት አይደለም፤ የቀረውን ሰሚው ይሙላው ብሎ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስልሳ አንድ ቁልፍ በወገቡ አንጠልጥሎ ጠዋት እየከፈተ፣ ማታ እየቆለፈ ኖሯል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትምህርት ማለት ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ነገር ይመስለው ነበር። ማንም አይፈርድበትም። እሱ ባደገበት አገር ደወል ከተደወለ ትምህርት አለቀ፤ ተማሪም ወደ ቤቱ፣ መምህርም ወደ ቤቱ ነው። እዚህ ግን ቁልፎቹ ሥራ የሚበዛባቸው ደወሉ ከተደወለ በኋላ ሆኖ አገኘው። የሙዚቃውን ክፍል ክፈት፣ የክርክሩን አዳራሽ ክፈት፣ በጎራዴ የሚፋለሙበትን ክፈት፣ የጀልባ መቅዘፊያ የተቀመጠበትን መጋዘን ክፈት። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ማን የት ዩኒቨርሲቲ እንደገባ ኮሪደሩ ላይ ይለጠፋል። መዝገቡ የሰሌዳውን መስታወት ሲወለውል ስሞቹን ያነባል። ከእነዚያ ስሞች መካከል ደወል ተደውሎ ወደ ቤቱ የሄደ አንድም ልጅ አግኝቶ አያውቅም።

ከዚህ ትዝብት ተነሥቶ አንድ ሕግ አወጣ። ከክፍል ውጪ የሚደረገው፣ አክቲቪቲ የተባለው ነገር፣ በመዝገቡ ሕግ፣ ለማንም የማይጠቅም መሆን አለበት። ዕቃ ማጠብ አክቲቪቲ አይደለም፤ ማንም ያልላከውን ተራራ በዝናብ መውጣት ግን ነው። ታናሽ ወንድም መጠበቅ አይቆጠርም፤ ከአሠልጣኝ ጋር ኳስ በቆመጥ መምታት ይቆጠራል። ሕጉ እንግዳ ቢመስልም መሠረት የለውም አይባልም። ሰው ግድ ሳይኖርበት በሚያደርገው ነገር ማንነቱን መመዘን የቆየ ጥበብ ነው። ችግሩ ግድ የሌለበትን ሰው ማግኘቱ ላይ ነው። ስቶክዌል በሚገኙት ፎቆች ውስጥ፣ መዝገቡ በሚኖርበት በአራተኛው ደርብ በተለይ፣ እንዲህ ያለ ሰው አይበዛም።

መዝገቡ ያለችው አንድ ልጅ እህተማርያም ናት። በዐሥር ዓመቷ ሐኪም እሆናለሁ አለች። ሌሎች ልጆች እንዲህ ይሉና ይረሱታል፤ እሷ ሳትረሳው ዐሥራ ስድስት ሞላት። በሰፈሯ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሳይንሱን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች፤ መምህሮቿም አይጠራጠሩም። የሚጠራጠረው አባቷ ነው።

«ውጤትማ ማን የሌለው አለ? አንዷን ወንበር ባለ ሙሉ ውጤቱ ከቧት ነው የሚጠብቀው። የሚለየው ሌላ ነው» አለ አንድ እሑድ።

«ምን?» አለችው ባለቤቱ ሐረገወይን። አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች የምታጥብ፣ የምታጎርስ፣ ቤቷ ስትገባ ግን ጫማዋን ለማውለቅ እንኳ የሚታክታት ሴት ናት።

«ጎራዴ።»

«በስመ አብ!»

መዝገቡ ከሥራው ቦታ አንድ ልጅ የጠበበውን ነጭ የፍልሚያ ልብስ ሲጥል አይቶ ለምኖ አመጣው። ጀርባው ላይ የዚያ ልጅ ስም በትልቁ ተሰፍቶበታል። እህተማርያም በሌላ ሰው ስም አራት ቅዳሜ ተፋለመች።

«አባዬ፣ ሰውዬው አጥቂ አጥቂ ይለኛል። ልጅቷ ምን አደረገችኝ?»

«ጨዋታ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«ጨዋታ ከሆነ ማስኩ ለምንድን ነው?»

ጎራዴው ቀረ። ቀጥሎ ቫዮሊን መጣ፤ ሦስተኛው ደርብ ላይ ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በዱላ እየደበደበ በሁለት ሳምንት አስቀረው። በመጨረሻ መዝገቡ ልቡ ድሮም የነበረበትን አነሣ፦ የጀልባ ቀዘፋ። አንድ የሰፈር ማኅበር ለድሃ ልጆች በነፃ ያስተምራል ሲባል ሰማና ልጁን አስመዘገበ። ቀኑ ቅዳሜ ነበረ። ቅዳሜ መሆኑ ነው ነገር ያመጣው።

መዝገቡና ሐረገወይን የሚካኤል ማኅበር አላቸው። ዐሥራ ሁለት ቤተሰብ ናቸው፤ በየወሩ፣ ቀኑ በሥራ ቀን እንዳይውልባቸው ወደ ቅርቡ ቅዳሜ እያዛወሩ፣ በተራ በየቤቱ ይሰበሰባሉ። ጸሎት ተደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ይህ ማኅበር ሌላ የትም የማይገኝ አንድ ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎቹ የገበያ ፌስታላቸውን ከወንበር ሥር ይስባሉ። ፌስታሉ ውስጥ በወሩ የመጣላቸው፣ ያልተከፈተ ደብዳቤ ሁሉ አለ፤ ከካውንስል፣ ከሰፈሩ ሐኪም ከጂፒ፣ ከሆስፒታል፣ ከጡረታ። እህተማርያም ከዐሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ጥግ ላይ ትቀመጥና ተራ ይዘው ይመጡላታል። ትከፍታለች፣ ታነባለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ በአማርኛ ትነግራለች፣ ትደውላለች፣ ቀጠሮ ታስይዛለች። አንዳንዱም «ብቻዬን ገብቼ ምን ብዬ እመልሳለሁ?» ሲላት አብራው ትሄዳለች። አንብባ ስትጨርስ «ተባረኪ» ይሏታል፤ አንድ ቁራሽ ዳቦ ይሰጧታል፤ በቃ።

ይህን መዝገቡም፣ ሐረገወይንም፣ ልጅቷም እንደ ነገር ቆጥረውት አያውቁም። ማን ነው መተንፈሱን የሚቆጥር?

ቀዘፋው ሲጀመር ግን እህተማርያም ሁለት ማኅበር ቀረች። በሁለተኛው ላይ እትዬ አልታየሽ፣ ባል የሞተባቸው፣ በሰባ አራት ዓመታቸውም ምላሳቸው ያልዛገ፣ ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መዝገቡን ጠሩት።

«አንተ መዝገቡ! ልጅቱን ዓሣ አጥማጅ ልታደርጋት ነው?»

«እትዬ፣ ለትምህርቷ ነው። ሐዋርያቱስ ከጀልባ ላይ አይደል የተጠሩት?»

«ተጠርተው ጀልባውን ጥለው ሄዱ እንጂ ማን ቀዘፈ?»

ማኅበሩ ሳቀ። መዝገቡም ሳቀ። በዚያ ፌስታል ውስጥ ግን የእትዬ አልታየሽ የዓይን ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ነበረ። ማንም ሳይከፍተው ቀኑ አለፈ። ሌላ ቀጠሮ እስኪገኝ አምስት ወር ሊፈጅ ነው። እህተማርያም ይህን የሰማች ዕለት የቀዘፋ ጫማዋን አጥባ፣ አድርቃ፣ ቀዘፋ ለሚያስተምረው ማኅበር ወስዳ መለሰች። አባቷን አላስፈቀደችም። ጀልባው ላይ የቆየችው በጠቅላላው ዘጠኝ ቅዳሜ ነው፤ ከነዚያም በአንዱ ወንዝ ውስጥ ወድቃለች።

ከዚያ ወዲህ ያመለጣትን የምትክስ ይመስል ቀጠሮ አበዛች። በትምህርት ቀንም መሄድ ጀመረች። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የመጣው።

ለሕክምና ትምህርት አፕላይ የሚያደርግ ልጅ ወረቀቱ ጥቅምት አጋማሽ ሳይደርስ መግባት አለበት። አራት የሕክምና ትምህርት ቤት ይመርጣል፤ ስለ ራሱ ይጽፋል፤ ትምህርት ቤቱም ስለ እሱ ምስክርነት ይጽፍለታል። ምስክርነቱን የምትጽፈው አማካሪ መምህርት መዝገቡን ለመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ጠራችው። ሸሚዝ ለብሶ፣ ቁልፎቹን ኪሱ ከቶ ሄደ።

መምህርቷ ፊቷ አዝኗል። ከፊቷ አንድ ወረቀት አለ።

«ልጅዎ በጠና ታማለች?» አለችው።

መዝገቡ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለ። «ማን?»

መምህርቷ አነበበችለት። በአንድ ዓመት ውስጥ ዐሥራ አራት ቀን ቀርታለች። የት ነበርሽ በተባለች ቁጥር ሆስፒታል ብላለች፤ የትኛው ክፍል ሲሏት ትናገራለች፤ የማን ቀጠሮ እንደሆነ ግን አትናገርም። የዓይን ክፍል አራት ጊዜ። የኩላሊት ሦስት ጊዜ። የጉልበት ሁለት ጊዜ። የመስሚያ መሣሪያ አንድ ጊዜ። መምህርቷ ወደ መጨረሻው መስመር ስትደርስ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ እሱ ክፍል ሽማግሌ ወንዶች ብቻ የሚታከሙበት ነው። አራት ጊዜ።

«ወይ በሽተኛ ናት፣ ወይ ትዋሻለች። ሁለቱንም ለሕክምና ትምህርት ቤት መጻፍ አልችልም» አለች።

መዝገቡ ከወንበሩ ብድግ አለ። ሃፍረቱ ሌላ ነበር፦ ልጄ ከክፍል መቅረቷ ታወቀ፣ ያውም በእኛ ሽማግሌዎች ምክንያት። ይቅርታ ጠየቀ። «ጎረቤት ናቸው። እንግሊዝኛ የላቸውም። ከእንግዲህ አይደገምም። እኔ እከለክላታለሁ» አለ። በዚያው ትንፋሽ ነገሩን ሊያቃና ብሎ ጨመረ፦ «ቀዘፋ አላት። ጎራዴም ሞክራለች። ቫዮሊን ጥቂት።»

መምህርቷ ግን ቀዘፋውን የሰማች አይመስልም። «ስንት ዓመት ነው ይህን የምታደርገው?»

«የቱን? ጎራዴውን?»

«ሽማግሌዎቹን።»

«እ... ስድስት፣ ሰባት። ግን እሱ አክቲቪቲ አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

መዝገቡ አሰበ። ነገሩ በአማርኛም እንኳ ስም አልነበረውም። ሰው ነዋ ልጅቷ።

መምህርቷ ምስክር ጠየቀች፦ ከቤተሰብ ውጪ የሆነ፣ የጽሑፍ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ። ያ ካልመጣ የምትጽፈው የቀረችባቸውን ዐሥራ አራት ቀኖች ነው።

ማኅበሩ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ጉዳዩ የጋሼ ሰይፈሥላሴ ሆነ። ጋሼ ሰይፈሥላሴ የማኅበሩ ጸሐፊ ናቸው፤ በደርግ ዘመን በአንድ የክፍለ ሀገር ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሹም ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ምናምን ዓመት ለንደን ቢኖሩም ከመዝገብ ቤቱ አልወጡም። የማኅበሩን ማኅተም በጨርቅ ጠቅልለው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ይዘው ይዞራሉ።

«ደብዳቤ ማለት ቁጥር ነው። ቀን ነው። ጉዳዩ ነው። ግልባጭ ነው» አሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «እንግሊዝ ይህን ከእኛ ነው መማር ያለበት።»

ሁለት ገጽ ሙሉ በእጃቸው ጻፉ። ጉዳዩ፦ የምስክርነት ቃል ስለ መስጠት። «ተማሪ እህተማርያም መዝገቡ ከዐሥራ አንድ ዓመት ዕድሜዋ አንሥቶ የማኅበራችንን አባላት ደብዳቤ ስታነብ፣ ስትጽፍ፣ ሐኪም ቤት ስታደርስ የቆየች፤ በዚህም ሁሉ አንድ ቀን ፊቷን ያላጠቆረች፤ ከማናቸውም ሱስና ወንጀል ነፃ የሆነች፤ የሰው ምስጢር ጠባቂ፣ ለአብነትም ያህል የአቶ ጋሻውን የሽንት ቧንቧ ሕመም፣ የወይዘሮ አበባን የነርቭ መድኃኒት፣ የእኔንም የጸሐፊውን የመስማት ጉዳይ እስከ ዛሬ ለማንም ሳታወራ...» እያለ ይወርዳል። ከመዝገቡ ቤት በቀር ዐሥራ አንዱም ቤተሰብ ፈረሙ። አቶ ጋሻው የራሳቸውን የሽንት ቧንቧ ሳያነቡ ፈረሙ። ማኅተሙ ሦስት ቦታ አረፈ።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ መሆን ነበረበት። እንግዲህ ማኅበሩ እንግሊዝኛ የሆነ ነገር ሁሉ ሲያጋጥመው የሚያደርገውን አደረገ። ጋሼ ሰይፈሥላሴ ወረቀቱን አጥፈው ጥግ ላይ ወደ ተቀመጠችው ልጅ ሄዱና «እንቺ እህተማርያም፣ ይቺን ገልብጪልን» አሏት።

የራሷ ምስክርነት መሆኑ ለማንም አልታወሰውም። ለእሷ ሲታወሳት እጇ ላይ ገብቷል።

በሦስተኛው ቀን መዝገቡ ትርጉሙን ጠረጴዛ ላይ አገኘው። ሁለት ገጹ ሁለት መስመር ሆኗል፦ እህተማርያም መዝገቡ ለማኅበራችን አባላት ደብዳቤ ታነባለች። አንዳንዴም ሐኪም ቤት ትሸኛቸዋለች።

«ይኸው ነው?» አለ መዝገቡ። «የቀረው የት ሄደ? ዓይኔ እያየ ማኅተሙ እንኳ ከዚህ ይረዝማል!»

«የቀረው ውዳሴ ነው፣ አባዬ። ራሴን እንዴት አወድሳለሁ? አንተ አይደለህ እንዴ ቀኝ እጅሽ የሚሠራውን ግራሽ አይወቀው የምትለኝ?»

«እሱ ለጽድቅ ነው! ይህ ለዩኒቨርሲቲ ነው!»

«ይለያያል?»

መዝገቡ ይለያያል ሊል አፉን ከፈተ። ሐረገወይን ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ታየዋለች። አፉን ዘጋው።

«ደግሞ የጋሼ ጋሻውን ጉዳይ እንግሊዝኛ ላድርገው? የእትዬ አበባን?» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምስጢር ትጠብቃለች ብለው ምስጢሩን ሁሉ ዘርዝረውታል እኮ። I can't. አልችልም፣ አባዬ። እኔን ለማስገባት እነሱን ላወጣ ነው?»

ዕድሜውን ሁሉ ስለ በር ሲያስብ የኖረ ሰው ልጁ በር ዘግታ ስትቆምበት ምን ይላል? ስልሳ አንድ ቁልፍ አለው፤ አንዱም ለዚህ አይሆንም። ያለ እሷ ፈቃድ ሌላ ሰው ያስተርጉመው እንዳይል፣ የሰውን ገመና ይዞ ማን ዘንድ ይሄዳል? እውነት ለመናገር ለአንድ ቀን አስቦት ነበር። አቶ ጋሻውን አውቶቡስ ላይ አገኛቸውና ሐሳቡን ተወው።

በመጨረሻው ቀን ሁለቱን መስመር ይዞ አማካሪዋ ዘንድ ቀረበ። የሰባት ዓመት ነገር በጣት ተይዞ ይሄዳል። ባዶ እንዳይመስል ብሎ ዋናውን፣ ሦስቴ ማኅተም ያረፈበትን የአማርኛ ደብዳቤ አብሮ አሳያት፤ ከእጁ ግን አልለቀቀውም።

መምህርቷ ሁለቱን ወረቀት አስተያየች። «ያኛው ሁለት ገጽ ነው። ይኼኛው ሁለት መስመር ነው። ምንድን ነው የቀረው?»

መዝገቡ ባለችው እንግሊዝኛ፣ ከቁልፍ ጋር በምትሄደው እንግሊዝኛ፣ እየተንተባተበ መለሰ። «የቀረው የሌላ ሰው ሕመም ነው። እሷ ናት የተረጎመችው። የሰው ሕመም አትናገርም። ለእኔም አትነግረኝም። ለእርስዎም አልነገረችዎትም፣ ዐሥራ አራት ጊዜ ሲጠይቋት።»

ይህን ያለው ሽንፈቱን ለመግለጽ ነበር። መምህርቷ ግን ብዕሯን አንሥታ መጻፍ ጀመረች። ወደ በሩ ሲያመራም ቀና አላለችም።

በጥር እህተማርያም ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። አባትና እናቷ ሶፋ ላይ ተደርድረው ጠበቋት።

«ምን ጠየቁሽ?»

«አንድ ተዋናይ አስቀምጠዋል፤ መድኃኒት አልወስድም የሚል ሽማግሌ ሆኖ። እያስመሰለ ነው፤ ግን አይችልበትም። እትዬ አልታየሽ ቢሆኑ ያሳዩት ነበር። ደብዳቤዎን ማን ያነብልዎታል አልኩት፤ ግራ ገባው፣ የዚያ መልስ አልተሰጠውም መሰለኝ።»

«ስለ ጀልባውስ?»

«ማንም አላነሣውም።»

«ስለ ጎራዴው?»

«አባዬ!»

ከአራቱ ሦስቱ አንፈልግሽም አሏት። አንዱ ተቀበላት፤ ነሐሴ ላይ ውጤቷ መጣና ነገሩ ተረጋገጠ። እትዬ አልታየሽም ቀጠሯቸው ስንቴ ተራዝሞ በዚያው ሰሞን ዓይናቸው ተሠርቶ መዝገቡን በአዲስ ዓይን አዩትና «እንዲህ ሸብተሃል እንዴ?» አሉት። መዝገቡ በማኅበሩ ፊት ቆሞ አመሰገነ፤ ምስጋናው መሐል «ቀዘፋውም የራሱ ድርሻ ነበረው» ማለቱ አልቀረም። ዘጠኝ ቅዳሜ ሙሉ ወንዝ ዳር በብርድ የቆመ ሰው ይህችን ቢል ምን ይፈረድበታል?

መስከረም ላይ እህተማርያም ሻንጣዋን ይዛ ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ሄደች። በወሩ ማኅበር የመዝገቡ ቤት ተረኛ ነበረ። በሩ ተንኳኳ፣ እንደገና ተንኳኳ። ማኅበርተኞቹ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ከዚህ በፊት ስልካቸውን ትተው ዳቦ ለመቁረስ የማይነሡት ሁሉ ሸሚዝ ተለብሶላቸው፣ እስክሪብቶ ተይዞላቸው። ዐሥራ አንድ ልጅ ተቆጠረ። ጠላው ሳይቀዳ ነው ፌስታል ፍለጋ የተጀመረው።

«ጋሼ፣ ደብዳቤ የለዎትም? ለልጄ ለኤሊ አንዲት ብቻ!»

«የእኔዋ ራኬብ ቀድማ ጠይቃለች!»

አንዷ የፒዛ ማስታወቂያ ለሦስት ልጅ ደረሰች። አቶ ጋሻው የሆስፒታል ደብዳቤያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ጥግ ቆመዋል፤ አንዱ ልጅ ጮክ ብሎ ሊያነብላቸው ይታገላቸዋል። ጋሼ ሰይፈሥላሴ ጠረጴዛው ራስ ተቀምጠው ልጆቹ ያነበቡበትን ሰዓት እየመዘገቡ ማኅተም ያደርጋሉ፤ መዝገብ ቤቱ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተከፍቷል፤ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም።

መዝገቡ በሩን ተደግፎ ቆሞ አየ። ሕጉ ተገለበጠበት። ጎረቤትን መርዳት በመጨረሻ አክቲቪቲ ሆነ። ዛሬ በማኅተም የሚሰፈረው ይህ ነገር፣ ትናንት የሚያይለት አጥቶ የኖረው ያው ነገር ነው ወይስ ሌላ? ልጁ ብትኖር «ይለያያል?» ትለው ነበር። አሁን መልሱን ያወቀው መሰለው፤ የሚነግራት ግን የለችም።

እትዬ አልታየሽ በዱላቸው ጫማውን ነካ አደረጉት። ከነጠላቸው ሥር አንዲት ቡናማ ፖስታ አወጡና ወደ እጁ ገፉት።

«እንካ፣ አንተ አንብብልኝ።»

«እኔ? እትዬ፣ የእኔ እንግሊዝኛ እኮ... ልጆቹ አሉ አይደል፣ ይኸው ዐሥራ አንድ ናቸው።»

«ልጆቹ ማኅተም ፈልገው ነው። እኔ ቀስ ብሎ የሚያነብ ነው የምፈልገው። ቀስ ብለህ አንብብ፤ ምን የሚያጣድፈኝ ነገር አለ?»

መዝገቡ ጩኸቱን ሸሽቶ ወደ ልጁ ባዶ ክፍል ይዟቸው ገባ። በሩን ዘጋው። ከአልጋው ጫፍ ተቀመጡ። ፖስታውን በትንሿ ቁልፉ ቀደደውና፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ጣቱን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አኖረ።

«ውድ ሚስስ አልታየሽ» አለ።

«አቤት» አሉ እሳቸው።